ጥቁር ላይ በጥቁር

የከተማው ባቡር ሐዲድ እየተዘረጋ መርካቶ በአቧራ በታፈነችበት ሰሞን ያጋጠመኝ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ነጭ ስክሪን ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

ከጓደኛዬ ከዮናስ ጋር እዚያው መርካቶ፣ ለጨርቅ አከፋፋዩ ለሐጂ ኑሩ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ያለችን አንዲት ኮምፒውተር ስለነበረች እሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት እንገባለን። እሱ በነጭ ስክሪን ነው የሚሠራው። እኔ ነጩ ዓይኔን ስለሚያመኝ ተራዬ ሲደርስ አጠቁረዋለሁ፤ ኮዱን ደግሞ አረንጓዴና ብርቱካናማ አደርገዋለሁ። በቀለም መራቀቅ ይቀናኝ ነበር።

ፕሮግራመር በኮዱ መሃል ለሰው ብቻ የሚጽፈው፣ ኮምፒውተሩ የሚዘለው ማስታወሻ አለ። ዮናስ ይህን ያበዛል። ለእያንዳንዷ መስመር ታሪክ ይጽፍላታል። "አንተ ልብ ወለድ ብትጽፍ ይሻልህ ነበር" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ሲሰለቸኝ በእኔ ተራ የማስታወሻው ቀለም እንደ ስክሪኑ ጥቁር እንዲሆን አደረግኩና ተገላገልኩ።

አንድ ቀን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ "ማስታወሻዬን አየኸው?" አለኝ።

"አየሁት ባክህ" አልኩት። ስለ ሥራው መስሎኝ ነበር። ትንሽ ጠበቀኝና ሄደ።

በሳምንቱ ቀረ። ስልኩ ዝግ ነው። አማኑኤል አካባቢ ወደተከራየበት ቤት ብሄድ፣ ልብሱን እንኳ ሳይዝ እንደወጣ አከራዩ ነገሩኝ።

ወር ያህል ቆይቶ ኮምፒውተሯ ተበላሸች። ሐጂ ሌላ ገዙ። በፍላሽ የያዝኩትን ሥራ ስከፍተው፣ ቀለሙን ገና ያልነካካሁት ነጭ ስክሪን ላይ ከነማስታወሻው ወጣ። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"አንተ፣ እዚህ ፈረንጅኛ መሃል ስምህ ተጽፏል'ኮ" አሉና ጮክ ብለው አነበቡት። "ሱራፌል፣ መኖር አስጠልቶኛል። ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። አንብበህ ዝም አትበለኝ።"

ከሥሩ ሌላ ነበር። ያንን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያነበቡት። "አይተህ ዝም አልከኝ። አልቀየምህም።"

"ያ ረቢ! ልጁ የት ነው?" አሉኝ።

ዮናስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጸጸቱ እያደር ይቀልልሃል ያሉኝ ሁሉ ተሳስተዋል። አሁንም እንጀራዬ ይኸው ሙያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስክሪኔን አጥቁሬ አላውቅም። ዓይኔ ይቃጠላል፣ ያነባል። ይቃጠል። "አየሁት" ብዬ የዋሸሁት በዚሁ ዓይን ነው።