ባዶ ተመላሽ

የስምሪት ወረቀት ይዋሻል። ይህን ያወቅሁት ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር ተመልሼ ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከከተማው ተነስቶ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ የሚደርስ የጭነት መኪና ሁሉ በወረቀቱ ላይ እኩል ሰዓት ይፈጅበታል። ክረምት ቢሆን በጋ፣ መኪናው አሮጌ ቢሆን አዲስ፣ ያው ነው። ሲመለስ ደግሞ የጭነት ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ "ባዶ" ተብሎ ይጻፍና ይፈረማል። እኔ መሪጌታ አባቴ ለተማሪዎቹ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምር ጥግ ይዤ እያዳመጥሁ ያደግሁ ነኝ። ጾምና በዓል ከቁጥር እንደሚወጣ ያወቅሁት ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። ቁጥር ሁሉ አንገቱን ደፍቶ እኩል ሲሆን ግን ደስ አይለኝም፤ ያስገደደው ሰው አለ ማለት ነው።

መሥሪያ ቤታችን የጭነት መኪናና የሕዝብ አውቶቡስ የሚያሰማራ ነበር። ያስቀጠረኝ ኃላፊው ራሱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነበር፤ ጓደኛ ስል በዚያ ዘመን ለሁሉም በነጻ ይታደል የነበረውን "ጓድ" ማለቴ አይደለም። በእድገት በኅብረት ዘመቻ አንድ ጣቢያ ተመድበን ነበር። ወባ ጥሎኝ ራሴን ስቼ ሳለ፣ ከገበሬዎቹ ጋር ቃሬዛ ተሸክሞ ግማሽ ቀን ተጉዞ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ትከሻው ተልጦ ሳምንት ሙሉ ሸሚዝ መልበስ አቅቶት ከረመ። እንዲህ ያለውን ሰው ካላመንሁ ማንን ላምን ነው?

አንድ ቀን ቢሮው ጠራኝና፣ "ነዳጅ በራሽን ሆኗል። ያቺ የተማርናት ሰንጠረዥ እዚህ ትሠራለች?" አለኝ።

"እውነተኛ ቁጥር ካገኘሁ ትሠራለች" አልሁት።

ሰንጠረዧ ለሚያውቃት ቀላል ናት። በግራ በኩል መኪኖቹ የሚነሱበት፣ ከላይ የሚደርሱበት ይጻፋል፤ በየሳጥኑ ጥግ ደግሞ መንገዱ የሚፈጀው ሰዓትና ነዳጅ። ከዚያ መኪኖቹን መደልደል ነው። አንዱን ከዚህ አንስቼ እዚያ ባደርገው ይሻል ይሆን እያሉ፣ እየጻፉ በላጲስ እያጠፉ፣ የሚሻል እስኪጠፋ ድረስ። ሁሉ ነገር ገደብ አለው፤ መኪና ከአቅሙ በላይ አይጭንም፣ ሾፌርም ከአቅሙ በላይ አይነዳም። የሁሉ አለቃ ግን አናት ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ምን እንዲያንስ እንደምንፈልግ የሚጻፈው እሷ ላይ ነው። እሷ ከተለወጠች ያው ቁጥር፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ ሌላ መልስ ይሰጣል።

እኔ "ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት ይነስ" ብዬ ጻፍሁባት። ምክንያቱም ከደባርቅ ወዲያ አውቶቡስ አልነበረም። የቆላው ሰው ታሞም ሆነ ከስሶ ጎንደር መምጣት ሲፈልግ፣ ያንን አቀበት በእግሩ ወጥቶ ደባርቅ መድረስ ነበረበት። ለዚያ መንገድ አንድ አውቶቡስ ማግኘት እፈልግ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ኃላፊው መስመሯን አነበበና ሳቀ። "አንቺ ዱሮም ሰው ሰው እንዳልሽ ነው። ይሁን" አለ። ይሁን ማለቱን ዛሬም አልረሳሁትም።

እውነተኛውን ሰዓት ለማግኘት ሾፌሮቹን መለመን ነበረብኝ። ከሁሉ አንጋፋው በጣልያን ጊዜ መሪ የጨበጠ የወገራ ሰው ነው፤ ሰኞ ለቆላው ጨውና ስኳር አውርዶ ማክሰኞ ይመለሳል።

"አያ፣ እውነተኛውን ሰዓት ይንገሩኝ" አልሁት።

"ምነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም?"

"ወረቀቱ ይዋሻል።"

"አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ባይዋሽልን እኛ እንዋሽ ነበር" ብሎ ሳቀብኝ። ሦስት ጊዜ ለምኜው በመጨረሻ፣ "እንግዲያ ነይና በዓይንሽ እይው" አለኝ።

ጋቢና ተቀምጬ ወረድሁ። በየመዞሪያው ሰዓቴን እያየሁ ደብተሬ ላይ ስጽፍ፣ እሱ ደግሞ እንዳልተፋ እየሰጋ በጎን ያየኛል። ስንመለስ፣ ከሊማሊሞ ግርጌ ዋርካ ያለበት ቦታ ላይ መንገዱ መሀል አንድ ለምለም ቅርንጫፍ ተጋድሟል። ሽማግሌው ፍሬን ያዘ።

"ምንድን ነው?" አልሁ።

"ቅጠል ካለ በሽተኛ አለ። ከሌለ እግዜር ይመስገን ብዬ አልፋለሁ።"

ዋርካው ሥር አራት ወንዶች ቃሬዛ አሳርፈው ቆመዋል፤ ቃሬዛው ላይ ምጥ የጸናባት ሴት ተኝታለች። የየመንደሩ የቃሬዛ ማኅበር ማክሰኞን ያውቃታል፤ የታመመውን በተራ ተሸክሞ እዚህ ያደርሳል፣ ቅጠሉን ጥሎ ይጠብቃል። የባዶውን መኪና ወለል በጆንያ አለስልሰው ሴትዮዋን ከእናቷ ጋር አሳፈሩ። ሊማሊሞን በዚያ ቀን ዝግታ የወጣ መኪና አይቼ አላውቅም፤ ሽማግሌው እያንዳንዷን ጉድጓድ ይቅርታ እየጠየቀ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። ደባርቅ ኬላ ላይ ወረቀቱን ሰጠ። "ባዶ" ይላል። ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ እንኳ ወደ ላይ ሳያይ ማኅተሙን መታልን። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። ማምሻውን ሴትዮዋ ጎንደር ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች።

"ይኸንን እንኳ ባትጽፊው ሸጋ ነበር" አለኝ ስንለያይ።

"አያ፣ ለሒሳብ ብቻ ነው። ስምዎ የትም አይወጣም።"

እውነትም ስሙን አልጻፍሁም። የጻፍሁት ታርጋውን ነው፤ በሰንጠረዡ እያንዳንዱ መኪና የራሱ ረድፍ አለዋ! ከጎኑም ዋርካው ሥር የቆመበትን ሰዓትና የቆመበትን ምክንያት በንጹሕ እጅ ጽሕፈቴ አሰፈርሁ። አባቴ "ያልተጻፈ አይቆጠርም" ይል ነበር፤ እኔም እነዚያ በሽተኞች እንዲቆጠሩልኝ ነው። ጅል ነበርሁ። ያን ያህል ተምሮ ያን ያህል ጅል መሆን እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

መልሱ ግን ያምር ነበር። ወደ እንፍራንዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከታትለው የሚወጡ፣ ሁለቱም ግማሽ ባዶ የሆኑ አውቶቡሶች ነበሩን። አንደኛው በሳምንት ሦስት ቀን ዛሪማ ቢወርድ የእንፍራንዝ መንገደኛም አይጎዳም፣ የተመደበልን ነዳጅም ይበቃል። ሁለት ጊዜ ፈትሼ ከነደብተሬ ለኃላፊው ወሰድሁለት። "ተይልኝ፣ እኔ አቀርበዋለሁ" አለኝ። ዋርካውንም፣ ቅጠሉንም፣ የሴትዮዋንም ነገር በቃሌ ነገርሁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም አየሁት። የዚያች እንባ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ሠራተኛና ሾፌር በሙሉ አዳራሽ ተጠራን። ሰንጠረዤ በትልቅ ወረቀት ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደስ ብሎኝ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ አናቱ ላይ ያለችውን መስመር አነበብሁ። "የመኪና ሰዓት ይነስ" ይላል። እኔ ከደባርቅ ወዲያ የመደብሁት አውቶቡስ በዜሮ ተተክቷል። ዋርካው ሥር ያለው ሰዓት በቀይ ተከቧል። ኃላፊው በቀጭን ዘንግ ቀዩን እየነካ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር ተናገረ፤ ከዚያም ታርጋውን ጠራ። ሽማግሌው ከኋላ ተነስቶ ቆመ።

"ጓድ፣ ይህ ቁጥር ያንቺ ነው ወይስ አይደለም?" አለኝ ኃላፊው።

"ቁጥሩ የኔ ነው፣ ነገር ግን…"

"በቂ ነው።"

ተቀመጥሁ። ይህችን ቃል ልሸሽጋት እችል ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ ነው፣ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ወደኔ አየና ለአዳራሹ፣ "ልጅቱ ልክ ናት። የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው" አለ። ሁለት ሰዎች ይዘውት ሲወጡ በአጠገቤ አለፈ። "ምነው ልጄ፣ ለሒሳብ ነው ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ። ቁጣ እንኳ የለውም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

"መስመሯን ማን ለወጣት?"

"ከላይ የሚፈለገው እሱ ነው። እኔ ምን ላድርግ?"

"ታርጋውስ? ታርጋውንም ከላይ ነው የጠየቁህ?"

"አብረሽው መሄድሽን አልተናገርሁም" አለኝ። "የመሪጌታ ልጅ ነሽ፣ ነገር ይበዛብሽ ነበር። ከለልሁሽ እኮ! ስንት ነገር አብረን አሳልፈን…"

ከሁሉ ያቃጠለኝ ይኸ ነው። ምስጋና ይጠብቅ ነበር! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የጣለ ፈረስ ተመልሶ አመስግኚኝ ሲል ግን በእሱ አየሁ። በሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ሥራዬን ግን አልለቀቅሁም። የት እሄዳለሁ? ሽማግሌው ሁለት ወር ታስሮ ተፈታ፤ መንጃ ፈቃዱ ግን አልተመለሰለትም። ቀሐ ወንዝ ዳር አንድ ቀን አገኘሁት። ልሳለም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ ቀና አደረገኝና መንገዱን ቀጠለ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱ ስምሪት በሰዓቱ መፈጸሙን እንድመለከት ዛሪማ ተላክሁ። መኪናው ያው የሽማግሌው መኪና፣ ቀኑም ማክሰኞ ነው። አዲሱ ሾፌር ጎልማሳ፣ ሰው አክባሪ ነው፤ እኔ ማን እንደሆንሁ አያውቅም። ስንመለስ ከሊማሊሞ ግርጌ ዋርካው ታየኝ። መንገዱ መሀል ለምለም ቅርንጫፍ አለ።

"ይቁሙ እባክዎ" አልሁ።

ሾፌሩ ፊቱን አላዞረም። "እትዬ፣ እርስዎ ከመሥሪያ ቤት ነዎት። ብቆም ይጽፉኛል።"

"አልጽፍዎትም። እግዚአብሔርን!"

"ለዚያ ሽማግሌም አንዲት የመሥሪያ ቤት ልጅ አልጽፍም ብላው ነበር አሉ።"

እኔ መሆኔን ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ብነግረው ይቆማል? ጭራሽ ነው የሚፈራኝ። ጎማው ቅጠሉን ሲጨፈልቀው ሰማሁ። በመስተዋቱ አየሁ፤ አራት ሰዎች ቃሬዛውን ቀድመው ትከሻቸው ላይ አውጥተው ነበር፣ መኪናው ይቆማል ብለው። መታጠፊያው እስኪሸፍናቸው ድረስ አላወረዱትም።

ደባርቅ ኬላ በሰዓቱ ደረስን። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ለእኔ አቀበለኝ፤ ተመልካች ስለሆንሁ የምፈርመው እኔ ነበርሁ። የጭነት ዓይነት፣ ባዶ። ወረቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር። ፈረምሁ።