የረጅሙ ሙዚቃ ወዳጅ

ሴትዮዋ ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሙዚቃ ቤቱ ሲገቡ፣ ባለሱቁ የድሮ የፍቅር ዘፈን የፈለጉ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁት ጊታርና ከበሮ ከቫዮሊንና ከጥሩምባ መዓት ጋር የሚተራመሱበትን፣ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዘውን የሮክ ሙዚቃ ነው።

«ከመሃል እንዳታቋርጠው፣ ልጄ» አሉት፣ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ሲያደርግላቸው። ቫዮሊኖቹ ሊገቡ ሲሉ ቀድመው ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ከበሮው ሲበረታ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«እቤት ማጫወቻ የለዎትም እንዴ፣ እማማ?»

«አለኝ እንጂ። ባለቤቴ ‹ኧረ ቀንሺው፣ ጆሮዬን በጠስሽው!› እያለ ዕድሜ ልካችንን ተጨቃጨቅን። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚቆጣኝ የለም፤ ብቻዬን ስሰማው ጣዕሙ ጠፋብኝ።»

ጥሩምባዎቹ ሲያስገመግሙ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ጮኸ፤ «ኧረ ልቀንሰው እማማ፣ ጆሮዬን በጠሱት እኮ!»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ። «እስቲ ትነካውና!» አሉና ከት ብለው ሳቁ።