ጎኑን የሰጠው ዲያቆን

ባለፈው ሰሞን ለመኖሪያ ፈቃዴ ፎቶ ልነሣ ሄጄ፣ ብርሃኑ ዓይኔ ላይ ቦግ ሲል አባቴ ትዝ አሉኝ። ፎቶ አንሺዋ ነጠላዬን ከግንባሬ እንድመልስ በእጇ አሳየችኝና፣ ቀጥ ብዬ እንዳያት፣ ሁለቱም ዓይኖቼ ካልታዩ እንደማይቀበሉኝ ነገረችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ለካ መሳቅም ክልክል ነው፤ ፎቶው ደጋግሞ ተበላሸ። በምን ቋንቋ ላስረዳት? ይህን ሕግ የኖርዌይ መንግሥት ሳይሰማው አባቴ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲያስከብሩት ኖረዋል።

አባቴ መሪጌታና የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ከፈረስ ቤት እስከ ቡሬ ድረስ እጃቸው ያላረፈበት መቅደስ ጥቂት ነው። ቤታችን ሁልጊዜ ቀለምና ሙጫ ይሸት ነበር፤ እናቴ «ወጡ ራሱ ቀለም ቀለም ይላል» እያለች ታማርር ነበር። እሳቸው ዘንድ ሥዕል የማይናወጥ ሥርዓት ነበረው። ጻድቅ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሐዲና ጨካኝ፣ አጋንንትም ጭምር፣ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ከበሩ ላይ ሆኖ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ይለያል። አባቴ ታዲያ ይህን ሥርዓት ከመቅደስ አውጥተው ለዓለሙ ሁሉ ያውሉት ነበር። የታላቅ እኅቴ የሠርግ ፎቶ ሲመጣ፣ ሙሽራው ወደ እሷ ዞሮ ሲያያት የተነሣውን አንሥተው ብዙ ከመረመሩ በኋላ፣ «ይኸ ልጅ ምን አድርጎ ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

እኔ ያኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። ባጃጅ ገና ብርቅ የነበረበት፣ መንገዱ ሁሉ የጋሪ የነበረበት ዘመን ነው። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ጥቁር ላስቲክ የተጋረደበት፣ ጄኔሬተሩ ቤንዚን የሚያከረፋ፣ ተኩሱና ዋይታው በድምፅ ማጉያ እስከ ገበያው የሚሰማ። እኛ የሰንበት ተማሪዎች በዚያ በኩል ስናልፍ አማትበን እንሮጣለን። እውነቱን ለመናገር ሩጫችን ቀስ ያለ ነበር። ፊልም የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ለማየት ግን ውስጤ ይቃጠል ነበር።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ መንፈሳዊ ፊልም በሲዲ ደረሰን። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ እናሳይ ብለን ብንጠይቅ የደብሩ ሽማግሌዎች ተከፈሉ። ግማሾቹ ጠላ በጠበል ማሰሮ ቢቀዳ ጠበል አይሆንም፣ ፊልም ያው ፊልም ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሥዕልም እኮ አፍ የሌለው ስብከት ነው፣ ይኸኛው አፍ ቢያወጣ ምን ክፋት አለው አሉ። በመጨረሻ፣ የሥዕል ነገር የሚያውቁት መሪጌታ ናቸውና አይተው ይፍረዱ፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ሲዲው በመጣበት አውቶቡስ ይመለስ ተባለ። ጓደኞቼ ከበቡኝ። «ያባትሽ ነገር ባንቺ ነው» አሉኝ። እኔ አባቴን ምን ብዬ እደፍራለሁ? ለእመቤታችን ጧፍ ተሳልኩ። ለፊልም ስለት መሳል ኃጢአት እንዳይሆን ፈርቼ ደግሞ ለይቅርታው ሌላ ጧፍ ጨመርኩ።

ቴሌቪዥንና ማጫወቻ የነበረው የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ፣ አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ቪዲዮ ቤት ገባ ብለው እንዳያሙኝ ምስክር ትሆኚኛለሽ» ብለው እኔን አስከተሉ። ሰውዬው ገና ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ አግዳሚውን በጨርቅ እየወለወለ ተቀበለን። ግድግዳው ላይ ደረቱን ያራቆተ ጠመንጃ ያዥ ፈረንጅ ተለጥፏል። አባቴ ፊቱ ቆሙ።

«ይኸ ማነው?»

«ገዳይ ነው፣ የኔታ። አገር ይፈጃል።»

«ሁለት ዓይን ያለው ገዳይ» አሉ፣ እንደ ማዘን ብለው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፊልሙ ገና ስላልተፈቀደ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዬን ሰጥቼ እንድቀመጥ አዘዙኝ። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያውን ፊልሜን ያየሁት በአባቴ ፊት ላይ ነው። ብርሃኑ ጺማቸው ላይ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ድምፁ ከኋላዬ ይመጣል።

ታሪኩን በጆሮዬ ተከተልኩት። የቤተ ክርስቲያን የብር መስቀል ይጠፋል፤ ዲያቆኑ ነው የሰረቀው ይባላል። እሱ አልሰረቅሁም ብሎ ያለቅሳል፤ ባልንጀራው ደግሞ እኔ ምን አውቄ እያለ ይምላል። አባቴ ዲያቆኑ መስኮቱ ሥር ሲጸልይ ገና እንዳዩት፣ «ጎኑን ሰጠ። ያዝኩህ» አሉ። ባልንጀራው ሲምል ግን ፊታቸው ፈካ። «ይኸ ቅን ልጅ ነው፣ ፊቱን አልደበቀንም» አሉኝ። በኋላ መስቀሉ ከቅኑ ልጅ ሣጥን ተገኘ። አባቴ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱት።

«ሐሰት ነው። ጎኑን ሲሰጠን ውሎ አሁን ጻድቅ ነው ይለናል። ይኸን የሠራው ሰው ሥዕል አልተማረም።»

ሲዲው አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ታየኝ። እንባዬ መጣ።

የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ጨርቁን እያጣጠፈ ቀስ ብሎ ተናገረ። «የኔታ፣ ልጁ እኮ አልዞረም። በጎኑ የቆምነው እኛ ነን።»

«እኛ?»

«ካሜራው የኛ ዓይን ነው። በዚህ ሲቆም ጎኑን ያያል፣ በዚያ ሲቆም ፊቱን። ልጁ ያው ነው።»

አባቴ የጸሎቱን ቦታ መልሶ እንዲያሳያቸው ለመኑት። ዲያቆኑ ሲመጣ ተነሥተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዱና፣ ሌላኛውን ዓይኑን ፍለጋ በጎኑ ዞረው ከኋላ ተመለከቱ። ሽቦ ነበር ያገኙት።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት አቆሙኝ፤ አጥር ሥር ገትረው በግራዬ መጡ፣ በፊቴ መጡ፣ በቀኜ መጡ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገታ አድርጎ፣ «የኔታ፣ ምን ጠፋዎት?» አላቸው።

«ዓይን» አሉት።

ባለጋሪው እኔን አይቶ፣ እሳቸውን አይቶ፣ ፈረሱን ገረፈ።

«ከዚያ ሳይሽ ከይሁዳ ጋር ነሽ» አሉኝ አባቴ። «ከዚህ ሳይሽ ልጄ ነሽ። አንቺ ግን አልተነቃነቅሽም።»

ለሽማግሌዎቹ ይታይ ብለው ፈረዱ፤ ሲታይ ግን እኔ አጠገቡ ቆሜ ላስረዳ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ከጅጋ በኩል በመጣ ገበሬ ሳይቀር ጢም አለ። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሙ። ዲያቆኑ ብቅ ባለ ቁጥር፣ «ይኸ ደኅና ሰው ነው፤ በጎን ቢታይ እንዳትሳሳቱ» ይላሉ። ባልንጀራው ሲመጣ ደግሞ፣ «በዚህ ፊት አትሸነገሉ» ይላሉ። የታሪኩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ታወቀ፤ ቅር ያለው ሰው ግን አልነበረም። እንዲያውም አንዲት ባልቴት ከፊት ተነሥተው፣ «እግዜር ይስጥልን የኔታ፣ ባይነግሩን ልንፈርድበት ነበር» አሏቸው። እኔማ ያን ሁሉ ጧፍ አስለኩሼ ከተቀመጥኩበት ያየሁት ግማሹን ነው፤ ሌላውን የአባቴ ጥምጥም ጋርዶታል።

ሥዕላቸውን ግን አልለወጡም። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ሸራ ዞረህ አታየውማ» አሉት። በዚያው ወዳጅ ሆኑ። እሱ ኋላ ካሜራ ገዝቶ ፎቶ ላንሣዎት ብሎ ቢወተውታቸው፣ ሰዓሊ ይሥላል እንጂ አይሣልም እያሉ አስቸገሩት። አንድ ቀን ታዲያ መቅደስ ውስጥ ሲሥሉ ሳይሰሙት በጎን አነሣቸው።

ሲያርፉ እኔ እዚህ ኖርዌይ ነበርኩ፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ያን ፎቶ የላከልኝ እሱ ነው። ብሩሻቸው በእጃቸው፣ የመስኮቱ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ሸራው ላይ ተተክሎ። ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። እንግዳ መጥቶ ዓይኑን ወደዚያ ሲጥል ልቤ አይችልም፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ፎቶው አጠገብ እቆማለሁ።

«እኒህ ደኅና ሰው ናቸው» እላለሁ። «በጎን ቢታዩ እንዳትሳሳቱ።»