ጫካ ውስጥ በስም አይጠራም

ባለፈው ቅዳሜ ከአስኮ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ነበር። ለጉንፋን ልትታጠንበት ይሆናል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ስለነበር ሽታው ታክሲውን ሞላው። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ የኔ ልብ ደግሞ ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር። ያለ ምክንያት አልኩ እንጂ ምክንያቱንስ አውቀዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤት የምንጠብቅበት ክረምት ነበር። እኔ፣ የልብስ ሰፊው ልጅና አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነበርን። ጎረቤቴ ለእናቱ አንድ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን በአጎቱ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ስለሚሠራ ድምፁ ሁሌ ሻካራ ነበር፤ ሰላም ሲልህ እንኳ ተሳፋሪ የሚጠራ ይመስልሃል። ከአስኮ በላይ ያለውን ጫካ አቋርጠን፣ ተራራው ጫፍ ወጥተን ኮልፌን ቁልቁል እንያት ያለው እሱ ነው። ሰፈሩን ከላይ ያላየ ሰው ሰፈሩን አያውቅም ይል ነበር፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

ጠዋት ልንወጣ ስንል እናቱ በር ላይ እጄን ያዙኝ። "አደራ" አሉኝ፤ "እሱ እንደሆነ ቀልብ የለውም። የምትመልሺልኝ አንቺ ነሽ።" እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ። እሺ እትዬ አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

መጀመሪያ መንገዱ ደስ ይል ነበር። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዛሬ ጉም ስለሚወርድ እንዳንርቅ መከሩን። የልብስ ሰፊው ልጅ አባቱ የሰፉለትን ኪሰ ብዙ ጃኬት ለብሶ፣ በየኪሱ ቆሎ ሞልቶ፣ በተራመደ ቁጥር ይንሿሿል። ባሕር ዛፉ አልቆ ጽዱ ሲጀምር ብርሃኑ ቀነሰ፤ መሬቱ ከእግራችን ሥር ለሰለሰ፤ የወፍ ድምፅም ጠፋ። ጎረቤቴ ከፊት ከፊት ይሮጣል። ቀስ በል፣ አጠገባችን ሁን እያልኩ ስነዘንዘው፣ አንቺ ልጅ እናቴን ሆንሽብኝ እኮ ብሎ ይስቅብኛል።

ጉሙ ሲመጣ አላየሁትም። ወደ ኋላ ስዞር የመጣንበት መንገድ የለም፤ ወደ ፊት ሳይ ደግሞ እሱ የለም።

ጠራነው። በስሙ ጠራነው፤ የአባቱን ስም ጨምረን ጠራነው። ዝም። የልብስ ሰፊው ልጅ መጀመሪያ ላይ እየቀለደ ነው፣ ተወው ይመጣል ብሎኝ ነበር፤ ቆይቶ እሱም ፊቱ ተለዋወጠ። በግራችን በኩል ገደል እንዳለ ስንወጣ አይተናል። ጭቃው ላይ የጫማውን ዳና ብንፈልግ አጣነው። የነበረችን አንዲት ስልክ ኔትወርክ የላትም። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስሙን ጠራሁ። በዓይኔ የሚታየኝ እናቱ ናቸው፤ በር ላይ ቆመው፣ ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን ሲያዩ። ባዶ እጄን ከምመለስ እዚሁ ብቀር ይሻለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው።

ያን ጊዜ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ እንዴት እንደመጣለት አላውቅም፣ እጁን አፉ ላይ ከቦ "ኮልፌ ኮልፌ ኮልፌ! አጠና ተራ! አንድ ሰው የቀረው!" ብሎ ለቀቀው። ልመታው ምንም አልቀረኝም። በዚህ ሰዓት ይቀለዳል?

ከጉሙ ውስጥ፣ እዚያው አፍንጫችን ሥር ከሚባል ቦታ፣ ያ ሻካራ ድምፅ "ወራጅ አለ!" አለ።

እግሩ ተጠማዞ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ ስንጠራው ሁሉ ይሰማ ነበር! እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ጫካ ውስጥ በስምህ ሲጠሩህ አቤት እንዳትል፣ የሚጠራህ ሰው አይደለም እያሉ ነው ያሳደጉት፤ እሳቸውም ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነገር ነው። እኛ ስሙን በጠራን ቁጥር እሱ አፉን በእጁ አፍኖ ይጸልያል።

እንባዬን እየጠረግኩ፣ እና አሁን ለምን መለስክ አልኩት።

"ሰይጣን የኮልፌን ታክሲ ከየት ያውቃል?" አለኝ።

ግራና ቀኝ ደግፈነው ወረድን፤ ኮልፌን ከላይ ሳናያት። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ ጉንጫችንን እያገላበጡ ሳሙን። አደራዬን አልበላሽም አሉኝ። ያን ቀን የተኛሁትን እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼው አላውቅም።

የልብስ ሰፊው ልጅ ዛሬ የአባቱን ሱቅ ይዟል። ጎረቤቴ ግን በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ ከተሰደደ ዓመታት አልፈዋል። ድንበር ከተሻገረ በኋላ አንዴ ደውሎ፣ የምንሄደው ጫካ ጫካውን ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ነው። ሞቷል የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ከታክሲው ስወርድ ቤቴ አልገባሁም፤ እናቱ ጋ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እርጅናው ተጭኗቸዋል። እኔን ሲያዩ ልጃቸው ትዝ እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ እንደ ወትሮው ወዲያው ስለ እሱ ጀመሩ።

"ሲጠሩህ አትመልስ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ጠዋት ማታ ስሙን እየጠራሁ እጸልያለሁ። ይሰማኝ ይሆናል እኮ። ፈርቶ ይሆናል የማይመልሰው።"

እጄን ያዙኝ፤ እንደዚያን ቀን ጠዋት።

"እስቲ አንቺ እንደዚያ አድርገሽ ጥሪልኝ።"

ሰው ይሰማኛል ብዬ አፈርኩ፤ ከዚያ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ተነሥቼ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ኮልፌ ኮልፌ ኮልፌ አልኩ፤ አጠና ተራ፣ አንድ ሰው የቀረው። ድምፄ ግማሹ አልወጣም። እሳቸው አንገታቸውን ወደ አጥሩ በር ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ እኔም አብሬ አዳመጥኩ። ዝናቡ ብቻ ነው።

"ጮክ በይ፣ ልጄ" አሉኝ።

ጮክ ብዬ ጠራሁ።