የጋሽ ዴክላን አልቃሽ

ባለፈው ክረምት ሚልፒታስ ውስጥ ጎማ ላስቀይር ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንድ ሠራተኛ ከመኪናው ሥር ወጣና እጁን ብርቱካን ብርቱካን በሚል ሳሙና ማሸት ጀመረ። ያ አሸዋ የተቀላቀለበት የሚመስለው፣ ግራሶን ከጥፍር ሥር ፈልቅቆ የሚያወጣው የመካኒክ ሳሙና ነው። ሽታው ሲደርሰኝ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ካሸሯ ደንግጣ ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለችኝ። ስንት ዓመት በደረጃ ስር ስር የሸሸኋቸው ሰው በሳሙና መጡብኝ አይባልም። ደህና ነኝ አልኳት።

ጋሽ ዴክላን ይባሉ ነበር። ጋሽ ያልናቸው እኛ ነን፤ እናቴ ሽማግሌ በባዶ ስሙ ሲጠራ አትወድም። ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ አፓርትመንት ነበር፤ እሳቸው ታች፣ እኛ በቀጥታ ከራሳቸው በላይ። አየርላንዳዊ ናቸው። የአውቶቡስ መካኒክ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ ትከሻ ሰፊ ሰው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የሕንፃው ልጆች ኩሽናቸው ውስጥ እንሰበሰባለን። የጠረጴዛው ላስቲክ በካውያ የተቃጠለ ምልክት አለበት፤ እርሳሳችንን በሰንጢ ይቀርጹልናል፤ ሻይ በቆርቆሮ ኩባያ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ በወፍራሙ። ሁሉም ነገር ያን ሳሙና ይሸታል፣ ዳቦውም ጭምር።

የምንጫወተው ጌም ሰሌዳም ስክሪንም አልነበረውም። እሳቸው ይተርካሉ፤ እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ታሪኩ ውስጥ እንገባለን። ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ፣ ያን ቁጥር ያለበትን ዛራ፣ ጥለን እናያለን። ጉልበታችንና ብልሃታችን በእርሳስ የሚጻፍበት ወረቀት በየስማችን አለ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባ ነበርኩ፣ ደግሞም ጎበዝ ሌባ።

ሌሎች ልጆች በዚህ ጌም ድራገን ይገድላሉ። እኛ ጋ የሚገደል ነገር አልነበረም። የጋሽ ዴክላን ዓለም አያታቸው ካሳደጓቸው መንደር የመጣ ነው፤ ኮረብታ ውስጥ የሚኖሩ፣ ስማቸው በግልጽ የማይነሳ፣ ምግባቸውን የቀመሰ ወደ ቤቱ የማይመለስ፣ ከብረት በቀር ምንም የማይፈሩ ፍጥረታት። ለዚህም ከጋራዥ ያስቀሩትን ሚስማር ለያንዳንዳችን አድለውን በኪሳችን ይዘን እንዞር ነበር። አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለእናቴ ይህ ጌም ሰይጣን ይጎትታል ብላ ነግራት ኖሮ፣ አንድ ሐሙስ ሳትጠራ ወርዳ በር ላይ ቆመች። ጋሽ ዴክላን ከወንበራቸው ተነሡላት። ሚስማሩ ምን እንደሆነ እኔ አስተረጎምኩላት። በአራስ ራስጌ ቢላዋ የሚቀመጥበት አገር ሰው ናትና ሳቀች፤ እኚህማ የኛው ናቸው ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር የሳቸው ሳህን ለብቻው ይወጣ ጀመር።

የጌሙ ደንብ ከተጻፈበት ወፍራም መጽሐፋቸው አንዱ ገጽ ብቻ በእርሳስ ተሰርዟል፤ የባንሺ ገጽ። መጽሐፉ ባንሺን በጩኸቷ ሰው የምትገድል ጭራቅ አድርጓታል። እሳቸው ይህን ሲያዩ ይናደዳሉ፤ ይህን የጻፈው ሰው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም ይላሉ። የአያታቸው ባንሺ የቤተሰብ ናት። ቤተሰቡ ባሕር ቢሻገር ተከትላ ትሻገራለች። ከቤቱ ሰው ሊሞት ሲል ቀድማ ታውቅና መስኮት ሥር ቆማ ታለቅሳለች እንጂ አትገድልም፤ ለባዳም አታለቅስም። በሳቸው ደንብ ባንሺ የሆነ ተጫዋች እያወቀ ዝም ባለ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፤ ካልቀናው ከጉልበቱ አንድ ይቀነሳል። ማናችንም እሷን መሆን አንፈልግም ነበር።

እናቴ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት። ሙሉጌታ ይባላል፤ እሷ ሙሌ ትለዋለች። ካርቱም ተቀምጦ ወደ አሜሪካ የሚመጣበትን ፕሮሰስ ለዓመታት ጠብቆ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት በሆነኝ ጊዜ ኢንተርቪውን አለፈ። እናቴ ዳውንታውን ቢሮ ታጸዳ ነበር። አንድ ወፍራም ሰማያዊ ጃኬት ገዝታ፣ የተንጠለጠለበትን የዋጋ ወረቀት ሳትበጥስ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችለት። በየሳምንቱ እያወጣች ታራግፈዋለች። አቧራ ኖሮበት አይደለም።

አንድ ማክሰኞ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ከጎኑ የሳን ሆዜው ዘመዳችን ጋሽ ታደሰ ተቀምጠዋል። ወሬ ጀምረው ዞር ብለው አዩኝና አንገራገሩ።

«ተናገር ግዴለም፤ እሷ አማርኛ አትሰማም» አለ አባቴ።

በእንግሊዝኛ ስለምመልስ የማልሰማ ይመስለው ነበር። ሁሉንም ሰማሁ። ሙሌ በሦስት ቀን ሕመም እሑድ ዕለት አልፏል። መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንዲሆን ተስማሙ፤ ያኔ ሁሉም ከሥራ ነፃ ነው፣ የሳን ሆዜ ሴቶች ምግቡን ሠርተው ይመጣሉ፣ ግራና ቀኝ የሚይዟት ሁለት ብርቱ ሴቶች ይቀመጣሉ። መርዶ ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ለብቻው ላለም አይነገርም። እስከዚያ ድረስ ጭጭ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ መስኮት መስኮቱን አየሁ፤ ያልሰማ ሰው ምን ያያል ብዬ።

ረቡዕ ማታ እናቴ ጃኬቱን አውጥታ እኔ ላይ ለካችው። እጅጌው ጉልበቴ ጋ ደረሰ።

«ኦክላንድ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ከካርቱም የመጣ ሰው እኮ ይህ ብርድ ይገድለዋል» አለችና ሳቀች።

አባቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። እኔ ጃኬቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም ድረስ አባቴን ያልማርኩት በሌላ በምንም አይደለም፤ እኔን እዚያ ትቶኝ ስለገባ ነው።

ሐሙስ ጋሽ ዴክላን ኩሽና ገባሁና ሌባዬን ትቼ ባንሺ መሆን እፈልጋለሁ አልኩ። አዲስ ወረቀት ሰጡኝ፤ ጉልበት የሚለው ላይ አሥር ተጻፈ። ጨዋታው ተጀመረ። በታሪኩ ውስጥ አንድ ቤት አለ፣ እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። ታለቅሻለሽ ወይስ ዝም ትያለሽ ሲሉኝ ዝም አልኩ፤ ዳይስ ጣልኩ፤ አልቀናኝም። ዘጠኝ። እንደገና ዝም አልኩ። ሦስት እስኪቀረኝ ድረስ ሄድን። ከዚያ ፊቴን አዩና ለዛሬ ይብቃን ብለው ሌሎቹን ልጆች ዳቦ አስይዘው ሸኟቸው።

«ማን ነው የሞተው?» አሉኝ።

«የእናቴ ወንድም።»

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እናቴ አታውቅም ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት፤ አፌ ላይ ነበረች። ረስቼ ነው ብዬ ለራሴ የዋሸሁበት ዘመን አለ፣ ግን አልረሳሁም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አሮጊት ባሏ በሞተ ማግስት፣ ጋሽ ዴክላን ዳቦ ጋግረው ይዘው ደረጃውን ሲወጡ አይቻለሁ። በሳቸው መንደር ሞት ሰምቶ ሳይደርሱ መቅረት ነውር ነው። ጋግረው እንደሚወጡ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። እናቴ ሌላ አንድ ቀን እንኳ ጃኬቱን እያራገፈች ስትስቅ እንዳላይ ስል፣ እኔ ያቃተኝን ሌላ ሰው ላይ ጫንኩት።

ዓርብ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከሥራ ገብታ የዩኒፎርሟን ቁልፍ እየፈታች ነበር። እሷ ከፈተች። ጋሽ ዴክላን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፈው ቆመዋል።

«ስለ ወንድምሽ በጣም አዝኛለሁ» አሏት።

የገባት ይመስለኛል። ሆኖም ወደኔ ዞረች፤ እንግሊዝኛ በከበዳት ቁጥር እንደምትዞረው።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

ማስተርጎም አቃተኝ። ፊቴን አየችው፣ በቃ። እንደቆመች ወደቀች፤ ግንባሯን የበሩ ጠርዝ አገኘው። ቅንድቧ ላይ የተሰፋችበት ምልክት አሁንም አለ። ጋሽ ዴክላን ዳቦውን ጥለው መሬት ተቀመጡና ጭንቅላቷን በግራሶ በጠቆረ እጃቸው ደግፈው ያዙ። ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንዳደረግኳቸው ያን ጊዜ ገባቸው።

ማምሻውን አባቴና ጋሽ ታደሰ ወርደው በራቸው ላይ ቆሙ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከማን ሰማህ አሏቸው። እሳቸው በእርጋታ፣ ኮርኒሱ ስስ ነው፣ ከላይ ስታወሩ ሰማሁ አሉ። አባቴ ያልተናገረው ነገር የለም፤ የሰው መርዶ የሚነጥቅ፣ ነውር የማያውቅ አለ፤ ልጄ እዚህ ቤት ደግማ አትገባም አለ። ጋሽ ዴክላን ይቅርታ ብቻ ጠየቁ። ስሜ ከአፋቸው አልወጣም። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የሳን ሆዜ ሰዎች ድስታቸውን ተሸክመው መጡ። የሚያረዱት አልነበረም። ሴቶቹ ከለቅሶው እኩል የሰውዬውን ድፍረት አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በዚያ በር አለፍኩ። ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። የሐሙሱ ጨዋታ ቀረ። ኪራዩ ሲከብደን ሳን ሆዜ ገባን። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ የገና ካርድ ላክሁላቸው፤ ይቅርታ ልጽፍ ጀምሬ ስልክ ቁጥሬን ብቻ ጽፌ አሸግሁት። አልደወሉም።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ሳን ሆዜ ካለ አንድ የአረጋውያን ቤት ተደወለልኝ። ሚስተር ዴክላን አርፈዋል፤ ፎርማቸው ላይ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ያለው ስም ያንቺ ብቻ ነው አሉኝ። ለካ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ነበሩ። አንድ የሻይ ቆርቆሮ ሰጡኝ። ሚስማሮች አሉበት፣ ዳይሶቹ አሉበት፣ አራት ቦታ የታጠፈ አንድ ወረቀትም አለበት። የኔ ባንሺ ናት። ጉልበቷ ሦስት እንደሆነ ነው። ለባዳ አታለቅስም ብለውኝ አልነበር? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ዘመድ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የጋሽ ታደሰን ሚስት ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰዓት ሁለት ሆነን ስታየን ማን ሞተ አለች። አስቀመጥናት። ግራና ቀኝ ሆንን። ነገርኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እንደገና ዝም ከማለቴ በፊት ቶሎ ብዬ ጨመርኩ።

«እማዬ፣ ያኔ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እዚያ ቤት ስለ ሙሌ በእንግሊዝኛ ያወራ ማን ነበር? ኮርኒሱ አስተርጉሞላቸው ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰውዬው አንቺን ለመሸፈን ያን ሁሉ ስድብ ተቀብለው፣ እኔ ልግለጥሽ? ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ዘገየሽ።»

ተቆጥታ አልነበረም፤ ቢሆን በተሻለኝ። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ ለብሰው የሚቀበሩት አላቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት፤ ልብስ አምጪ ተብያለሁ። ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና ሰማያዊውን ጃኬት ይዛ ወጣች። ከአንድ ጊዜ በላይ ቤት ስንቀይር አብሮን የተጓዘ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። ትከሻቸው ሰፊ ስለነበር ይጠባቸዋል አልኳት።

«ከጀርባው ይቀደዳል» አለች። «ከፊት እንዲያምርባቸው ነው እንጂ።»

ከመሳቢያው መቀስ አወጣች። የተንጠለጠለውን ወረቀት ያዝ አድርጋ ለአፍታ ቆየችና ክሩን ቆረጠችው። ጃኬቱን አራገፈች፣ አጠፈች፣ ጭኔ ላይ አኖረችው። የዋጋው ወረቀት አሁን ከዳይሶቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ነው።