ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካለ አንድ የራዲዮ ጣቢያ ለእኛ ለኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የአማርኛ ፕሮግራም ሲጀመር አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እስከዚያ ድረስ ራዲዮው አረብኛ ብቻ ስለነበር የሰፈራችን ባልቴቶች የክትባቱንም የራሽኑንም ወሬ የሚሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። ድምፄ ከየጎጆው ሲሰማ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ቤት ውስጥ ሳወራ «ኧረ ዝም በይ» የምትለኝ እናቴ እንኳ፣ ራዲዮ ላይ ስወጣ ጎረቤቱን ሁሉ ዝም ታሰኝልኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የዓይን ሐኪሞች እንደሚመጡ የሚገልጽ የአረብኛ ወረቀት ተሰጠኝ። ተርጉሜ አነበብኩት፦ «ረቡዕ፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።» አፌን የፈታሁት በአማርኛ ቢሆንም ሰዓት መቁጠር የተማርኩት ሱዳን ትምህርት ቤት ነው። ለእኔ ስምንት ጠዋት ነው። በአማርኛ ለሚሰሙኝ እናቶች ግን ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ፣ አሥራ ሁለትም ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ግድግዳ እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። ረቡዕ ዕለት ነጠላቸውን አጥበው ለብሰው፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ክሊኒኩ ደረሱ። የሐኪሞቹ መኪና በቀትር ሄዷል።

አመሻሹ ላይ ቤታችን መጡ።

«ኸላስ፣ አበቃ፣ ሄደዋል አሉን» አሉኝ። «ስምንት ሰዓት ሳይሞላ! አንችንም ዋሽተውሻል አይደል፣ ልጄ?»

ጥፋቴ ያኔ ገባኝ፤ ፊቴ ጋለ። እናቴ ታየኛለች።

«አዎ እትዬ፣ ዋሽተውኛል» አልኩ።

«አይዞሽ፣ አንች ምን ታደርጊ» ብለው ጭራሽ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ባነበብኩ ቁጥር «ጠዋት»፣ «ከሰዓት በኋላ» እላለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከወራት በኋላ ሐኪሞቹ ተመልሰው መጡ። እኔው ራሴ ላደርሳቸው በጠዋት እትዬ ቤት ሄድኩ። ከደጃፋቸው ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አልለበሱም።

«ተነሡ እንጂ፣ ሐኪሞቹ መጥተዋል» አልኳቸው።

«ይቅርብኝ» አሉ። «አንችን የዋሹ ሰዎች ዓይኔን አይነኩትም።»

እጃቸውን ይዤ ቆምኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«እሺ እትዬ» አልኳቸው፣ «ደግሞ ይመጣሉ።»