እግሬ የማይደርስበት ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰዓዳ ብስክሌት ልትገዛ አስከትላኝ ቆቦ ገበያ ወጣን። ሻጩ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የብስክሌቱን የላይኛውን ብረት በእግሮቿ መካከል አድርጋ እንድትቆም ነገራት። "ሁለቱም ተረከዝሽ መሬት ይንካ። ካልነካ ፍሬሙ ልክሽ አይደለም" አላት። ይህን ስሰማ መቀመጫ ለመንኩ።

በድርቁ ዓመት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሁሴን እዚሁ ቆቦ ልብስ ሰፊ ነበር። ያኔ የልጅ ልብስ በልክ አይሰፋም፤ ያድግበታል ተብሎ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በየዓመቱ ይፈታል። ሱሪዬ ልኬ የሆነበትን ቀን እንጃ፣ አላስታውስም።

እህቴ ሐዋ ከቆቦ ወዲያ፣ ዋጃ ከተማ ነበር ያገባችው። ባሏ እህል ፍለጋ ወጥቶ ስለቀረ ከጨቅላ ልጇ ጋር ብቻዋን ነበረች፤ የላከችብን መልእክት "ቶሎ ካልደረሳችሁልኝ አታገኙኝም" የሚል ነው። አህያችን ሞታለች። አባቴ ዱቄት የማደርስበት ብስክሌት ሊገዛ ቆረጠ። ገበያው ውስጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሁለት አዲስ ብስክሌት ቆሟል፣ አንዱ አጠር ያለ፣ ሌላው ረጅም።

"አያ ሁሴን፣ ለሱ ልኩ ትንሹ ነው" አለ ነጋዴው።

"ዛሬን አትየው፤ ልጅ ነው፣ ያድጋል" አለ አባቴ።

በዚያ ዓመት ልጅ ያድጋል ብሎ አፍ ሞልቶ መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደነበር የገባኝ ስሸብት ነው። ረጅሙ ተገዛ። ለመውጣት ድንጋይ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ ከላይ ሆኜ እግሬ ፔዳሉን እንጂ መሬት አይነካም።

አንድ ጠዋት የማሽላ ዱቄት በከረጢት ከኋላዬ አስሬ ተነሳሁ። ጥቅምት ነበር። በደህናው ጊዜ በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን ግራና ቀኝ ይጋርደዋል። ያኔ ግን እስከ ተራራው ግርጌ ባዶ አፈር ነው፤ ስለዚህ ሰው ከሩቅ ይታየኛል፣ እኔም እታያለሁ። ፈራሁ። ወደ ቆቦ የሚያዘግመው ሰው ድምፅ አልነበረውም፤ የሚሰማው የኔ ሰንሰለት ብቻ ነው። አንዳንዱ መንገድ ዳር ተቀምጦ ቀርቷል። ባጠገባቸው ሳልፍ ዓይናቸው ከረጢቱን ይከተላል።

ዋጃ ልደርስ ስል አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"ወንድሜ፣ በአላህ ቁምልኝ! ለልጄ ብቻ!"

ጣቶቿ ከረጢቱን ነኩት። ሌሎቹም ቀና ቀና አሉ። 

"እግሬ አይደርስም! መቆም አልችልም!" ብዬ ጮህኩና ፔዳሉን ረገጥኩት።

ሐዋን በሕይወት አገኘኋት። እሳት እስኪነድ አልጠበቀችም፤ ዱቄቱን በውሃ በጥብጣ በጣቷ ለልጇ አቀመሰችው። ሁለቱም ተረፉ። ስመለስ ሴትየዋን ፈለግኳት፤ አልነበረችም።

ማታ ለአባቴ የሴትየዋን ነገር ነገርኩት። "እግሬ አልደረሰም፣ አባዬ" አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ለማንም ልጅ ከልኩ የሰፋ ልብስ አልሰፋም። እናቶች ሲቆጡት "ልኩ ይበቃዋል" ይል ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረም።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ታዲያ የሰዓዳ ዓይን ትልቁ ብስክሌት ላይ ነበር። "አድግበታለሁ እኮ፣ አባባ!"

"ተረከዝሽ የሚነካበትን ያዢ!" አልኳት። ሳላስበው ተቆጣሁ መሰለኝ፣ ደነገጠች።

ትንሹን ገዝተን ስንመለስ እየገፋች "አባባ፣ እርስዎስ ልጅ ሳሉ ብስክሌት ነበረዎት?" አለችኝ።

"ነበረኝ። እግሬ አይደርስም ነበር" አልኳት።

ለአባቴ ያልኩትን ለሷም ደገምኩት። መውረዱንማ አውቅበት ነበር። ዋጃ ከመሄዴ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ጉልበቴ እስኪላላጥ ተለማምጄ፣ ከነሩጫው ወደ ጎን ዘልዬ መውረድ ችዬ ነበር። እፍኝ ዱቄት ብሰጣት ሐዋም አይጎድልባትም ነበር። ያልቆምኩት ስለፈራሁ ነው። አባቴ ይህን ሳልነግረው ሞተ።